ግንባሩ ደርሷል፣ አፍንጫው መንገድ ላይ ነው

ፎቶው ከላይ ወደ ታች ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ ነጭ ግድግዳ። ከዚያ ትንሽ ፀጉር። ከዚያ ግንባር። አንድ መስመር ይመጣል፣ ያርፋል። ሌላ መስመር ይመጣል፣ ያርፋል። ቅንድቡ ታየ። ዓይኖቹ ታዩ፤ አንደኛው ተጨፍኗል። አፍንጫው ሊጀምር ሲል ሞደሙ ጸጥ አለ።

እማማ ከኋላዬ ቆመዋል። የቆሎ ሰፌዳቸውን እንደታቀፉ ነው።

«ምነው ቆመ?»

«መስመሩ ተቋረጠ፣ እማማ።»

«ልጁሳ?»

«ግንባሩ ደርሷል። አፍንጫው መንገድ ላይ ነው።»

ቀልድ መሆኑ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ግንባሩስ የአባቱ ነው» አሉ። የቀረውን የልጅ ልጃቸውን ፊት በማግስቱ አየነው። ደግነቱ በማግስቱ መብራት ነበር።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር። ቀን ፖሊ፣ ማለትም በድሮው ፖሊ ቴክኒክ፣ እማራለሁ፤ ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ ዘንባባ ከተተከለበት መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ኢንተርኔት ቤት እሠራለሁ። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር፣ በደቂቃ 25 ሳንቲም። እማማ በራችን ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ሰፌዳቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። እስከ ዛሬ የሽምብራ ቆሎ ሲሸተኝ የሞደም ጩኸት ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ሥራዬ ሰዓት መያዝና ሒሳብ መቀበል ነው ተብሎ ነው የተቀጠርኩት። እውነተኛው ሥራዬ ግን ሌላ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ጉዳዩን ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይጽፉለታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ጥላ ብቻ ነው የሌለኝ። ኢሜይል እከፍታለሁ፣ የተነገረኝን እጽፋለሁ፣ የመጣውን አነባለሁ። የደንበኞቼን ፓስወርድ ሳይቀር በባለ 50 ሉክ ደብተር መዝግቤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አብዛኛው የታቦት ስም ነበር፣ ከኋላው የልደት ዓመት የተቀጠለበት። የሳይበር ደህንነት የሚያስተምር ወዳጄ ይህን ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ስለ ኢንተርኔት ዕድገት ሲወራ የሚወራው ስለ ገመድ፣ ስለ ማማና ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ባየሁት በዚህ ከተማ ኢንተርኔት ያደገው በሰው ትከሻ ላይ ነው። ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚቆም አንድ ሰው ነበረው። ያ ሰው አሁን እየሄደ ይመስለኛል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ገና አልወሰንኩም።

የእማማ ልጅ አሜሪካ የገባው በዲቪ ነው። ቅጹን በ1998 ጥቅምት ላይ የሞላሁለት እኔ ነኝ። ዲቪ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በወረቀት ማመልከት ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ይህች ውሳኔ ለኢንተርኔት ቤቶች የዓመት ሲሳይ ነበረች። ዲቪ ሲከፈት ሰልፉ መንገድ ይወጣል። ኢሜይል የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዲቪን ያውቃል። ለብዙው ሰው ኢንተርኔት ማለት ዲቪ የሚሞላበት ቤት ነበር።

ቅጹ በኢንተርኔት ይሂድ እንጂ ዕጣው የወጣለት ሰው የሚያውቀው በፖስታ በሚመጣ ደብዳቤ ነበር። እማማ ፖስታ ሣጥን የላቸውም። የኢንተርኔት ቤታችን ባለቤት የራሱን ፖ.ሣ.ቁ. ሰጣቸው። ለእሳቸው ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ ግማሽ በዚያች አንዲት ሣጥን ነበር ዲቪ የሚጠብቀው። ደብዳቤ ሲመጣ ባለቤቱ ስሙን እያየ ያድላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ኢንተርኔት ራሱ ዛሬ የሚኖረው በዚሁ የፖስታ ሣጥን ብልሃት ነው። ሲሠራ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ ቁጥር ይሰጠዋል ተብሎ ነበር። ቁጥሮቹ በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ያኔ ማለቂያ የሌላቸው መስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ከዋናው ጎተራ አለቁ። እጅግ ብዙ ቁጥር ያለው አዲስ አሠራር ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ ዓለም ግን ወደሱ የሚሄደው እየተንፏቀቀ ነው። እስከዚያው ብዙ ስልኮች ባንድ አድራሻ ይጠቀማሉ፤ መሃል ላይ ያለ ማሽን «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው» እያለ ያድላል። ልክ እንደ ባለቤታችን። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በስሙ የተጻፈ ሣጥን ላይኖረው ይችላል።

እማማ ማንበብ አይችሉም ብላችሁ እንዳታስቡ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋል። ጋዜጣ ላይ ቆሎ ሲጠቀልሉ ቆም ብለው አርዕስቱን ያነባሉ። የኢንተርኔቱ አማርኛ ግን በላቲን ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። መዝገብ መግባትና እኛ ቤት መድረስ ግን ለየቅል ናቸው። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ማውጣት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የኛዎቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሲመጣ የሚታየው ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን ነው። ስለዚህ ልጃቸው በላቲን ይጽፋል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከሁለቱ መሃይሙ ኢንተርኔቱ ነበር።

አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ልጃቸው ከሥራ እንደተቀነሰ ጽፎ ነበር። እሳቸው ያን ዕለት ወገባቸውን አሟቸው በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ነው። «ሥራ ልቀይር ነው ይላል» ብዬ አነበብኩ። «ተመስገን» አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሥራ አገኘ፣ ውሸቴም እውነት ሆነ። ባያገኝስ ኖሮ? የመሃል ሰው የሚናፈቀውን ያህል የሚፈራም ነው። የስንቱን ጓዳ አውቅ ነበር። ማን ብር እንደሚልክ፣ ማን እንደማይልክ፣ የማን ትዳር ሊፈርስ እንደሆነ። ዛሬ ሰው በገዛ ስልኩ የገዛ ምስጢሩን መያዙን ሳይ በብዙ ደስ ይለኛል።

ፖሊ ሳለን አንድ መምህር የነገረን ታሪክ አለ። የኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት የመጀመሪያ መልእክቱን የላከው ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ ሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም «ሎግኢን» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል መምታት ጀመረ። «ኤል» ደረሰች። «ኦ» ደረሰች። ሦስተኛዋ ላይ ሲስተሙ ወደቀ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው ሙሉው የሄደው። እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ተማሪው ፊደል እየመታ፣ በጎን በስልክ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው «ኤል መጣችልህ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። እኛስ? ኢሜይል እንልክና በስልክ ደውለን «ኢሜይል ልኬልሃለሁ፣ እየው» እንላለን። ኢንተርኔት ከልደቱ ጀምሮ የመሃል ሰው ነበረው።

መምህሩ ሌላም ነገር ጣል አድርገው ነበር። እኛ የምንማርበት ፖሊ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ባሕር ዳር ላይ ሶቪየቶች ላቦራቶሪ ሲተክሉ፣ ካሊፎርኒያ ላይ አሜሪካኖች በመከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ለማነጋገር መንገድ ላይ ነበሩ። በአንደኛው ወገን ወንበር ላይ ተቀምጠን የሌላኛውን ወገን ፈጠራ ተማርን። እንዲያ ነው።

የአርፓኔት ዋና ሐሳብ መልእክትን ቆራርሶ በትንንሽ ፓኬት መላክ ነው። አንዱ መንገድ ቢዘጋ ፓኬቱ በሌላ ይዞራል። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በጀልባ መሄድ ካልተቻለ በመኪና እንደመሄድ ማለት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ዙሪያ መንገድ እስካለ ድረስ። እኛ ባሕር በር የለንም። ከእማማ ስልክ የወጣ ቃል አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት አገር ድንበር፣ ጂቡቲ ከሆነ ደግሞ ከባሕር ሥር ወዳለው ገመድ ይገባል። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ቀይ ባሕርን ሽቅብ ይወጣና ግብፅን በየብስ አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። ዓባይም ከጣና ወጥቶ፣ ሱዳንን አልፎ፣ በግብፅ በኩል እዚያው ሜዲትራኒያን ነው የሚገባው። የውሃውም የወሬውም መንገድ መጨረሻው አንድ መሆኑን ሳውቅ ብቻዬን ስቄያለሁ። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ተቆርጠው ከእስያ እስከ አውሮፓ ብዙ ቦታ ሲንቀራፈፍ ግን አልሳቅኩም።

ከዚያ ስልክ መጣ። ይህን ዘመን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልቆይበትም። ኢንተርኔት ቤቶቹ አንድ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና ዘፈን ጫኝ ሆኑ። «ሚሞሪ ይሞላል» የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጠፈ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው የኢንተርኔትን ዘፈን በጥፍር በምታክል ካርድ ይዞ ወደ ዘጌ ይሻገር ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ልናገር። በአጭር መልእክት በላቲን ከጻፋችሁ ባንድ መልእክት 160 ፊደል ይገባል። ባማርኛ ፊደል ከጻፋችሁ 70 ብቻ። «እንደምን አለሽ፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ» ብሎ ሰላምታ ሳይጨርስ ሁለተኛው መልእክት ይጀምራል። ሰዉ በላቲን የሚጽፈው ስለዘመነ ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም ነበረበት።

በ2015 ክረምት ሞባይል ዳታ ከክልሉ ጠፋ። ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ስለሱ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ፌስታሉ ነው።

የምሠራበት ቢሮ የገመድ ኢንተርኔት ነበረው፤ አንዳንድ ቀን ይሠራል። ይህ በሰፈር ተሰማ። መጀመሪያ ፋርማሲ ያለችው ጎረቤቴ ስልኳን ሰጠችኝ፤ «እህቴ የጻፈችልኝ ካለ እየው»። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። በሳምንቱ ጥቁር ፌስታል ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ስልኮቹ እንዳይምታቱብኝ ጀርባቸው ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ «የፋርማሲዋ»፣ «የባለ ባጃጁ»፣ «የእማማ»። መክፈቻ ቁጥራቸውን በደብተር ያዝኩ። አዎ፣ እንደገና በደብተር።

ቢሮ እደርሳለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ እደረድራቸዋለሁ። አንድ በአንድ ዋይፋይ አገናኛቸዋለሁ። ለአንድ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ አንዱ «ጢ» ይላል። ሌላው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ፣ እናታቸው ትል ይዛ እንደመጣችላቸው የወፍ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። የባለ ባጃጁ ስልክ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። አላነብም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ግን ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለውን ዓይን አያይም አይባልም። የእማማ ስልክ ላይ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣ ነበር፤ «እማ ደህና ናችሁ?» «እማ ደህና ናችሁ?» «እማ?»

መልሱን እማማ ማታ ቤታቸው ይናገሩታል። ኔትወርክ ባይኖርም ቴሌግራም ድምፁን ይቀዳል፤ ከጎኑ ትንሽ የሰዓት ምልክት አድርጎ ይጠብቃል። ጠዋት ያ ድምፅ ፌስታል ውስጥ ሆኖ በባጃጅ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ቢሮ ሲደርስ የሰዓቷ ምልክት ትጠፋለች። «ደህና ነን ልጄ፣ አትስጋ» ዴንቨር ይደርሳል። ባጃጅም ያው የመስመሩ አካል ሆነ።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. 5.5 ቢሊዮን ሰው ኢንተርኔት ይጠቀማል፣ 2.6 ቢሊዮኑ ገና አልተገናኘም ብሎ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሳይ እማማን የት እንደሚያስገቧቸው አስባለሁ። በ2001 ኪቦርድ ነክተው አያውቁም፣ የልጅ ልጃቸውን ግንባር ግን በኢንተርኔት አይተዋል። በፌስታሉ ጊዜ ስማርት ስልክ ነበራቸው፣ ኢንተርኔት ግን አልነበራቸውም፤ መልእክታቸው ግን ይደርስ ነበር።

ወደፊት ምን ይመጣል? አንዱ ወዳጄ ሳተላይት ይላል። ኬንያ ውስጥ ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። የድሮዎቹ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ናቸው። እነዚህ አዲሶቹ 550 አካባቢ ነው የሚበሩት፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና እንደመሄድ ነው፣ ሽቅብ። ጣና መሃል ላይ በደንገል ታንኳ የተቀመጠ ሰው ያለ ማማ ይገናኛል ማለት ነው። ይሁን። ሳተላይትም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ነገር ሁሉ ማብሪያ ማጥፊያ አለው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። የመሃል ሰውነቱን አሁን ማሽን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ ሊይዘው ነው። ይጽፋል፣ ያነባል፣ ይተረጉማል፣ ይመልሳል። እኔ በደቂቃ 25 ሳንቲም የምሠራውን በነፃ ይሠራል። ያውም የሰው ጓዳ አይታዘብም ይሉናል፤ እሱን እንኳ ባላምን። አማርኛውም ቀላል የሚባል አይደለም፣ ከዓመት ዓመት ይሻሻላል። ግን አንድ ቀን ጣና ላይ ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ከትልቅ ዛፍ ግንድ ተፈልፍሎ ነው ብሎ በሙሉ ልብ ነገረኝ። ደንገል የሚባል ነገር አልጠቀሰም። አልፈረድኩበትም። የተማረው ከተጻፈው ነው። ስለ ታንኳ ባማርኛ ኢንተርኔት ላይ ስንት ገጽ አለ? ሐይቁ ዳር ደንገል የሚያስሩት ሰዎች ብሎግ አይጽፉም። እኔ ብሎግ እጽፋለሁ፣ ደንገል ማሰር ግን አልችልም።

ያለፈው ቅዳሜ እማማ ቤት መጡ። ቆሎ መሸጡን ከተዉ ቆይተዋል። ስልኳን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ።

«እስቲ ይቺን አንብብልኝ።»

«ያነቡ የለም እንዴ እርስዎ?»

«አንብቤያለሁ። ዓይኔ ዋሽቶኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

የጻፈው ያ ግንባሩ ቀድሞ የደረሰው ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዴንቨር ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከ«ሰላም» ብዙም አያልፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አባቱ ብቻውን ለአያቱ ጽፏል። ያውም በፊደል፣ ጥርት ያለ። «ውድ አያቴ፣ እንዴት ነህ? በጣም ናፍቀኸኛል። ጤንነትህን ጠብቅ።»

«ወንድ አደረገኝ እኮ!» አሉ እማማ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእንግሊዝኛ ጽፎ ማሽኑን አስተርጉሞታል። እንግሊዝኛ ላይ «ዩ» አንድ ናት። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ያችው ናት። ማሽኑ «ዩ» የተባለው ማን እንደሆነ ከየት ይወቅ? ገመተ። ሲገምት ደግሞ ወደ ወንድ ማድላት ይወዳል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፎቶው ቀን ያልሳቁትን ሳቅ ጨምረው ሳቁ።

«በል ጻፍለት» አሉ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ሴት ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኔም በጣም ናፍቀሽኛል በለው። ሥራውን ይየው!»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ላክኩት። እየጻፍኩ ሳለ ግን ገብቶኛል። ልጁ ያንን ለዚያው ማሽን ይሰጠዋል። «ሴት ልጄ» የምትለዋን ምናልባት ስህተት መስላው ያልፋታል። «ነሽ» ግን ወደ «ዩ» ትመለሳለች፣ «ናፍቀሽኛል»ም እንደዚያው። የአያቱ ቀልድ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብታ ትሰምጣለች።

እማማ ስልኩን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ልጁ እስኪስቅ መጠበቃቸው ነው።

«አየው ይሆን?» አሉኝ።

«ደርሷል» አልኳቸው። «ሁለት ምልክት ሆኗል።»